300 ከ600፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚደረግ ዝግጅት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት ጥር 2015 ላይ ይፋ ሲደረግ፣ ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ። 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የአንድ ዓመት አደጋ መስሎት ነበር፤ የ2015ቱ ግን ጭራሽ ዝቅ ብሎ 3.2 በመቶ ላይ ቆመ፣ ከ845,099 ተፈታኞች 27,267። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፣ 5.4 በመቶ። በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929፣ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ነገር ግን አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በ2015 1,328 ነበሩ፤ በ2016 መቀነሱ ቀርቶ 1,363 ደረሱ። መሻሻሉ የመጣው ቀድሞም ደህና በነበሩት ትምህርት ቤቶች በኩል ይመስላል።

እዚህ ጉዳዩን የምናየው ከወላጅ ወገን ሆነን ነው። የመምህራን ብቃት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ ኮቪድ ያቋረጠው ዓመት፣ ጦርነትና ግጭት የዘጋቸው ትምህርት ቤቶች፣ ሁሉም እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ አንዱንም ግን ወላጅ ቤቱ ተቀምጦ አይፈታውም። ወላጅ የሚፈታው ሌላ ነገር አለ፤ ፊዚክስ ያልተማረ ወላጅ ጭምር።

ምን ተለወጠ?

ከ2014 በፊት ፈተናው የሚሰጠው ተማሪው በሚማርበት ወይም በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት ነበር። ኩረጃ በአጤሬራ፣ በምልክትና በስልክ መልእክት ይካሄድ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው ራሱ አስቀድሞ ወጥቶ ጭራሽ እንዲቋረጥና ወደ ሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው መቁረጫ ነጥብም በየዓመቱ የሚወሰነው ዩኒቨርሲቲዎች ሊቀበሉ የሚችሉት የተማሪ ብዛት ታይቶ ነበር። የመቀበል አቅሙ ሰፋ ሲል ነጥቡ ዝቅ ይል ነበር ማለት ነው።

በ2014ቱ ፈተና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተቀየሩ። ተፈታኞች ጓዛቸውን ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገቡ፤ ስልክ ቀረ፤ የሚፈትኗቸው የማያውቋቸው መምህራን ሆኑ። በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የሚመራው ትምህርት ሚኒስቴርም በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚቻለው 50 በመቶና ከዚያ በላይ በማምጣት ብቻ እንደሆነ ወሰነ። ስለዚህ የ3.3 በመቶው ውጤት የተማሪው እውቀት በአንድ ዓመት ውስጥ እንደ ፈረሰ አያሳይም፤ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ተገለጠ እንጂ። ለወላጅ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ቀደም ሲል ለታላቅ ወንድም ወይም እህት የሠራው የዝግጅት ዘዴ (ግንቦት ላይ ቲቶር መቅጠር፣ ሾርት ኖት መሸምደድ፣ ጎበዝ ልጅ አጠገብ ለመቀመጥ መጸለይ) ለታናሹ አይሠራም።

ግማሽ ማምጣት ምን ያህል ማወቅ ነው?

አሁን ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው። ለተፈጥሮ ሳይንስ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ ፈተና)፤ ለማኅበራዊ ሳይንስ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና አፕቲትዩድ። እያንዳንዱ ከ100 ይያዛል፤ ድምሩ 600፣ ማለፊያው 300። የሚታየው ድምሩ ስለሆነ በፊዚክስ 40 ያመጣ በእንግሊዝኛ 60 ካመጣ አካክሶታል።

ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። ስለዚህ ጥያቄውን ሳያነብ በዘፈቀደ ያጠቆረ ተማሪ በአማካይ 25 በመቶ፣ ከ600 ወደ 150 ያገኛል። ከጥያቄዎቹ አንድ ሦስተኛውን በትክክል የሚያውቅና የቀረውን ሁለት ሦስተኛ በግምት የሚሞላ ተማሪ ደግሞ 33.3 ሲደመር ከቀረው 66.7 ሩቡ 16.7፣ በአማካይ ልክ 50 በመቶ ላይ ይደርሳል። ይህን ስሌት ወላጅ ሁሉ ማወቅ ይኖርበታል። ግማሽ ለማምጣት ግማሹን ማወቅ አያስፈልግም፤ አንድ ሦስተኛውን ያለ ጥርጥር ማወቅ ይበቃል። 400 ለማምጣት የሚያስፈልገው እውነተኛ እውቀት ወደ 56 በመቶ፣ 500 ለማምጣት ወደ 78 በመቶ ነው።

ይህ ሲሰላ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ተስፋ ነው፤ ለደካማ ተማሪም ቢሆን ግቡ ሩቅ አይደለም። ሁለተኛው ደስ አይልም፤ በሞዴል ፈተና 28 በመቶ ያመጣ ልጅ «ትንሽ ይቀረዋል» የሚባል ሳይሆን፣ በዚያ ትምህርት ምንም ከማያውቅ ተማሪ በቁጥር የማይለይ ነው። በሒሳብ 65 ጥያቄ ላይ በዘፈቀደ ብቻ ያጠቆረ ሰው 13ም 20ም ሊያገኝ ይችላል፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ከ24 ወደ 29 ማደግ እድገት ሳይሆን እድል ሊሆን ይችላል። የቲቶር ክፍያ በእንዲህ ያለ «መሻሻል» ላይ ተመሥርቶ ሲታደስ ማየት የተለመደ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ እውነተኛውን መጠን መለካት

ዝግጅት የሚጀመረው በመጽሐፍ ግዢ ሳይሆን በልኬት ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና ይወሰዳል። በሦስት ቅዳሜና እሑድ፣ በቀን አንድ፣ ስድስቱም ይጠናቀቃሉ። ሰዓቱ በጥራዙ ሽፋን ላይ የተጻፈው ነው፤ በተለመደው አሠራር እንግሊዝኛ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት፣ ሒሳብ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነው። ስልክ ከክፍሉ ይወጣል፤ ካልኩሌተር አይፈቀድም፣ ፈተናውም ላይ የለምና።

ልጁ እያንዳንዱን መልስ ሲሰጥ ከጎኑ አንድ ምልክት ያደርጋል፦ እርግጠኛ ከሆነ «እ»፣ በሁለት ምርጫ መካከል ተጠራጥሮ ከሆነ «ጥ»፣ ገምቶ ከሆነ «ግ»። ሲታረም የሚቆጠረው «እ» ተብሎ ትክክል የሆነው ብቻ ነው። ለምሳሌ በሒሳብ 26 ትክክል ተገኘ እንበል፣ 40 በመቶ። ከ26ቱ «እ» የነበሩት 14 ከሆኑ እውነተኛው እውቀት 14 ከ65፣ 21.5 በመቶ ነው። ቀሪው 12 በሚቀጥለው ፈተና ላይ ላይደገም ይችላል። «እ» ተብሎ የተሳሳተው ደግሞ ለብቻው ይጻፍ፤ ልጁ እንደሚያውቀው እርግጠኛ የሆነበት ስህተት ከማያውቀው ነገር ይልቅ አደገኛ ነው፤ ተመልሶ አያየውማ።

ይህን ለማስተካከል ወላጁ ትምህርቱን ማወቅ የለበትም። ሰዓት መያዝ፣ መልስ ማመሳከር፣ «እ» መቁጠር ይበቃል። ፊደል ለቆጠረ ሁሉ የሚሆን ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው በፎቶ ኮፒ የሚሸጡ ጥራዞች መልስ መስጫ ብዙ ጊዜ ስህተት አለበት። ልጁ ትክክል ሠርቶ መልሱ ከጥራዙ ጋር ካልገጠመ ሌላ ምንጭ ወይም መምህር ሳይጠየቅ መሻር የለበትም። ሁለተኛው የሥርዓተ ትምህርቱ መለወጥ ነው። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች አብዛኞቹ በድሮው መጽሐፍ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ በአዲሱ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ ያለው ሊኒየር ፕሮግራሚንግ፣ ለምሳሌ፣ በድሮ ፈተና ጥራዝ እንደ ልብ አይገኝም፤ በተቃራኒው ከመጽሐፉ የወጣ ምዕራፍ ላይ ሳምንት የሚያጠፉ ልጆች አሉ። እያንዳንዱ የድሮ ጥያቄ ከአዲሱ መጽሐፍ ምዕራፍ ጋር ይገናዘብ፤ ምዕራፍ ያጣ ጥያቄ ይሰረዝ። ፈተናው ከየትኛው ክፍል እስከ የትኛው እንደሚያካትት የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የሚያወጣውን የዓመቱን ማስታወቂያ ከትምህርት ቤቱ ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። «እንዲህ አሉ» በሚል ወሬ አንድ ሙሉ የክፍል ደረጃ ሳያነቡ የገቡ አሉ።

እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት አይደለም

ስድስቱም ፈተናዎች የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ድክመት ስድስት ጊዜ ይቀጣል። አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በአንድ ክረምት ልዩነት ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ እንዲያነብ ይጠበቃል። ብዙዎቹ ያኔ መረዳት ያቆሙና መሸምደድ ይጀምራሉ።

ፊዚክስ ላይ የሚጠፋው ነጥብ ሁሉ ከፊዚክስ አይደለም። «አት ረስት»፣ «ነግሊጂብል»፣ «ሪስፔክቲቭሊ»፣ «ኤክሴፕት»፣ «ኖት» የሚሉት ቃላት ያመለጡት ተማሪ ቀመሩን እያወቀ ይስታል። በተለይ «ከሚከተሉት ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» የሚለው ዓይነት ጥያቄ ላይ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር አይቶ ማጥቆር በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ሳለ ጥቂት ቤት ብቻ ይሠራበታል። ልጁ ጥያቄውን ያነባል፣ ምርጫዎቹን በወረቀት ይሸፍናል፣ ከዚያ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ጥያቄው ምን እንደሚል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም ቤት በሚነገረው ቋንቋ ይናገራል። «ምን ተሰጠህ? ምንድን ነው የጠየቀህ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። መናገር ካቃተው የሚጎድለው ፊዚክስ ሳይሆን ንባብ ነው፤ ያላወቀው ቃል ይጻፍ። በቀን አሥር ጥያቄ በዚህ መልክ ቢነገር ሩብ ሰዓት ነው የሚወስደው። ወላጁ እንግሊዝኛ ባያውቅ እንዲያውም ይሻላል፤ ልጁ የግድ አብራርቶ ይናገራል።

በእንግሊዝኛው ፈተና ራሱ ላይ ችግሩ ፍጥነት ነው። 120 ጥያቄ በ120 ደቂቃ፣ ለአንዱ አንድ ደቂቃ፤ ምንባቡን ማንበቢያ ጊዜም እዚያው ውስጥ ነው። የሰዋስው ጥያቄዎች በ30 ሰከንድ ካልተሠሩ ለምንባብ ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ በየቀኑ አንድ የምንባብ ክፍል፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ፣ በሰዓት ተይዞ ይነበብ፤ መጀመሪያ ጥያቄዎቹ ይታያሉ፣ ከዚያ ምንባቡ። ይህ ልማድ በሁለት ሳምንት አይመጣም፤ ወራት ይፈልጋል። ከዘጠነኛ ክፍል መጀመር አለበት የምንለው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ማንም የማያስተምረው 100 ነጥብ

አፕቲትዩድ የፈተናው አንድ ስድስተኛ ነው። መጽሐፍ የለውም፤ የትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ልጆች «ያው ጭንቅላት ነው» ብለው ይተዉታል። በእኛ ግምት ከሁሉም ትምህርት በትንሽ ልፋት ብዙ ነጥብ የሚገኝበት ይኸው ነው፤ የጥያቄዎቹ ዓይነት ስለሚደጋገም።

ሁለት ወገን አለው። በቃላት በኩል ተመሳሳይና ተቃራኒ፣ የሁለት ቃላት ዝምድና (ሐኪም ለሕመምተኛ ከሆነ መምህር ለማን?)፣ ዓረፍተ ነገር ማሟላት፣ ከተሰጠ አባባል ድምዳሜ ማውጣት። በቁጥር በኩል መቶኛ፣ ጥምርታ፣ አማካይ፣ የሥራና የጊዜ ሒሳብ፣ የቁጥር ቅደም ተከተል፣ ሰንጠረዥና ግራፍ ማንበብ። የቁጥሩ ክፍል የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው ቢባል ብዙ ስህተት የለውም። የ12ኛ ክፍል ካልኩለስ የሚሠራ ልጅ 15 በመቶ ተጨምሮበት 460 ብር የሆነ ዕቃ በፊት ስንት ነበር ሲባል ከ460 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 391 ይላል። መልሱ 400 ነው፤ 460 ለ1.15 ሲካፈል። እንዲህ ያሉ ሃያ ያህል የጥያቄ ዓይነቶች ተለይተው እያንዳንዱ አሥር አሥር ጊዜ ቢሠራ በሁለት ወር ውስጥ ለውጡ ይታያል። ካልኩሌተር ስለሌለ የማባዛት ሠንጠረዥ እስከ 12፣ እስከ 20 ያሉ ቁጥሮች ስኩዌር፣ የተለመዱ ክፍልፋዮች በመቶኛ (አንድ ስምንተኛ 12.5 በመቶ መሆኑን የመሰለ) በቃል ይያዙ።

የስህተት ደብተር

ለሒሳብና ለሳይንስ የምንመክረው ዋና መሣሪያ አንድ ባለ 50 ወይም ባለ 100 ሉክ ደብተር ነው። ገጹ በአራት ዓምድ ይከፈላል፦ ቀን፤ የጥያቄው ዓመትና ቁጥር፤ የስህተቱ ምክንያት፤ በራስ ቃል የተጻፈ ትክክለኛ አሠራር። ምክንያቱ ከአምስት አንዱ ነው፦ ምዕራፉን አልተማርኩትም፤ ተምሬ ረሳሁ፤ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም፤ ስሌት ተሳሳትኩ፤ ሰዓት አለቀብኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ወላጁ የሦስተኛውን ዓምድ ይቁጠር። ብዙው «አልተማርኩትም» ከሆነ ቲቶር ወይም ጎበዝ ጓደኛ ያስፈልጋል፤ ገንዘብም ቢወጣ ተገቢ ነው። ብዙው «ረሳሁ» ከሆነ ተጨማሪ ቲቶር ብክነት ነው፤ የሚያስፈልገው ድግግሞሽ ነው። «በትክክል አላነበብኩም» ከበዛ ወደ እንግሊዝኛው ይመለሱ። ቤተሰብ ገንዘቡን በከንቱ የሚያፈሰው ይህን ሳይለይ በሳምንት ሦስት ቀን ቲቶር ሲቀጥር ነው። ቲቶሩ መጥቶ ራሱ ይፈታል፣ ልጁ ያያል፣ ገባኝ ይላል፤ ብቻውን ወረቀት ሲሰጠው ግን እጁ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ቲቶር ሲቀጠር አንድ ስምምነት ይደረግ፦ እርሳሱን የሚይዘው ልጁ ነው፤ መምህሩ የሚናገረው ልጁ ሲቆም ብቻ።

እያንዳንዱ ስህተት ከ3 ቀን፣ ከ10 ቀንና ከአንድ ወር በኋላ መልሱ ተሸፍኖ እንደገና ይሠራል። ሦስቱንም ያለፈ ይሰረዛል፤ በአንዱ የወደቀ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ደብተሩን ሸፍኖ «ይቺን ሥራት» ማለት የወላጅ ድርሻ ነው፤ ታናሽ እህትም ልትሠራው ትችላለች።

ሳምንቱ እንዴት ይከፋፈል?

ለ12ኛ ክፍል ተማሪ የምናየው ትልቁ የዕቅድ ስህተት ከመጠን ያለፈ ዕቅድ ነው። «በቀን 8 ሰዓት» ብሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በሁለተኛው ሳምንት ይቀደዳል። ትምህርት ባለበት ቀን 90 ደቂቃ ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ፣ መካከሉ ላይ 10 ደቂቃ እረፍት። አንደኛው ክፍለ ጊዜ በዕለቱ ክፍል ውስጥ የተማረው ላይ፣ ሁለተኛው በስህተት ደብተሩ ላይ። የፈረቃ ተማሪ ከሆነ ነፃ የሆነው ግማሽ ቀን ላይ ይደረግ፤ ማታ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ቅዳሜ አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓቱ። እሑድ እርማት። እርማቱ ከፈተናው ይረዝማል፣ መርዘምም አለበት፤ ፈትኖ ነጥብ ቆጥሮ መተው ምንም አያስተምርም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው 90 ደቂቃው በእውነት ካለ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ወንድ ልጅ እንዲያጠና ይተዋል፤ ሴት ልጅ ቡና አፍልታ፣ ሳህን አጥባ፣ ሕፃን አስተኝታ ነው ደብተር የምትከፍተው። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ታካክሺዋለሽ» እየተባለ። የምታጠናበት ሰዓት ተቆርጦ ሥራው ለሌላ ሰው ካልተላለፈ በስተቀር ከላይ የተጻፈው ለእሷ ዋጋ የለውም።

ከፈተናው በፊት ያሉት የመጨረሻ ሦስት ሳምንታት አዲስ ምዕራፍ አይከፈትባቸውም። የስህተት ደብተር፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ሙሉ ፈተና፣ እንቅልፍ። ሌሊቱን ለመንቃት ጫት የሚጀምሩ ልጆች በየዓመቱ አሉ፤ ስድስት ፈተና በተከታታይ ቀናት ለሚጠብቀው ልጅ የእንቅልፍ ሥርዓቱን ማበላሸት ከሁሉ የከፋ ዝግጅት ነው።

«ፈተናው ወጥቷል»

በየዓመቱ ፈተናው ሲቃረብ በቴሌግራም ቻናሎች «የዘንድሮው ጥያቄ» ይሸጣል። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ የሚመጣው የድሮ ፈተና ሽፋኑ ተቀይሮ ወይም ጭራሽ ምንም ነው። ከገንዘቡ የሚብሰው ልጁ የሚያጠፋው ሳምንት ነው፤ መልስ እንደ ስልክ ቁጥር እየሸመደደ ይገባና የመጀመሪያውን ገጽ ሲገልጥ ይደነግጣል። ወላጅ ራሱ ገንዘብ አዋጥቶ የሚገዛበት ጊዜ አለ። ያኔ ልጁ ከወላጁ የሚረዳው በራሱ ማለፍ እንደማይችል ነው። በ2014ም ሆነ ከዚያ ወዲህ በደንብ ጥሰት ውጤታቸው የተሰረዘባቸው ተማሪዎች አሉ።

ግቢው ውስጥ

ልጁ ብዙ ቀን ከቤት ርቆ ያድራል፤ ለብዙዎቹ ከወላጅ ተለይተው የሚያድሩበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። የመፈተኛ መታወቂያና አድሚሽን ካርድ፣ ሁለት ሦስት እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ አንሶላ፣ ሳሙና፣ ቀላል ልብስ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከነማዘዣው። ስልክና ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ፣ ስማርት ሰዓትን ጨምሮ፣ ቤት ይቀራል፤ የዓመቱ የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ሲወጣ አብሮ ይነበብ። ሰዓቱን በግምት ማወቅ ስለሚያስፈልግ ቤት ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሙከራዎች ልጁ ሰዓት ሳያይ፣ ወላጁ በየግማሽ ሰዓቱ ብቻ እየነገረው ይደረጉ።

አንሰር ሺቱ ላይ መጀመሪያ የጥራዙ ኮድ ይጠቆራል፣ ከዚያ ስምና ቁጥር። ኮድ የረሳ ተማሪ ሥራው በሌላ መልስ ሊታረም ይችላል። መልሶችን ጥራዙ ላይ ሠርቶ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ መገልበጥ አደገኛ ነው፤ አንዱን ጥያቄ ሲዘል የቀረው ሁሉ በአንድ ረድፍ ይንሸራተታል። ገጽ በገጽ ይገልበጥ፤ የገጹ የመጨረሻ ቁጥር ከአንሰር ሺቱ ጋር መግጠሙ ይታይ።

ሒሳብ ላይ በሦስት ዙር መሄድ ይሻላል። በመጀመሪያው ዙር አይቶ ወዲያው የሚታወቀው ብቻ፤ በሁለተኛው መንገዱ የሚታወቅ ግን ስሌት የሚፈልገው፤ በሦስተኛው ቀሪው። ለአንድ ጥያቄ በአማካይ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ስላለ፣ አንድ ጥያቄ ላይ አሥር ደቂቃ የቆየ ሦስት ጥያቄ ሸጧል። የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ባዶ የቀረውን ሁሉ ለማጥቆር ነው፤ አሥር ባዶ ቦታ በአማካይ ሁለት ከግማሽ ጥያቄ ያወጣልና ባዶ መተው ነጥብ መጣል ነው።

ከ2016 ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናውን በበይነ መረብ፣ በኮምፒውተር ይወስዳሉ። ልጁ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ቢያንስ ጥቂት ሙከራ በኮምፒውተር ያድርግ፤ ማውስ መያዝ፣ የተዘለለ ጥያቄ ላይ መመለስ፣ ከስክሪን አንብቦ በወረቀት ማስላት። ስክሪን ላይ ማስመር ስለማይቻል «ኖት» እና «ኤክሴፕት» የሚሉት ይበልጥ ያመልጣሉ፤ በወረቀቱ ላይ የጥያቄውን ቁጥርና «ያልሆነው» የሚል ቃል መጻፍ ይረዳል።

ውጤት ሲመጣ

ከ300 በታች ማለት ሁሉ በር ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ይህን ልጁ ከፈተናው በፊት ቢያውቀው ይረጋጋል። ከ2015 ጀምሮ ሚኒስቴሩ ከማለፊያው በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸውን በሬሜዲያል ፕሮግራም ይመድባል፤ የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይገለጻል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለወራት ዋና ዋና ትምህርቶችን ደግሞ ይማርና ይፈተናል፤ ካለፈ አንደኛ ዓመት ይጀምራል። ሬሜዲያል ላይ የሚወድቁት ብዙ ጊዜ «ገባሁ» ብለው የተዘናጉ ናቸው። ሌላው መንገድ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ነው። ምዝገባው ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ ውጤት የወጣ ሰሞን ማዘኑ ሳይበርድ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል፤ ወላጁ ቀኑን ይከታተል። እንደገና የሚፈተን ልጅ የስህተት ደብተሩን ካልጣለ ከዜሮ አይጀምርም፤ «አልተማርኩትም» ተብለው የቀሩትን ምዕራፎች ይዞ መስከረም ላይ ቲቶር መፈለግ ይችላል። ቴክኒክና ሙያም አለ፤ ይህ ግን እንደ ቅጣት ተደርጎ ከቀረበለት ልጁ እዚያም አይበረታም፤ አማራጩ ከፈተናው በፊት፣ በሰላሙ ጊዜ ይነሣ።